በተቆለፈ ቤት የሚበራው ቴሌቪዥን

ጋሽ ኃይለማርያም ሠላሳ አራት ዓመት የመንግሥት ንብረት ሲጠብቁ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ካዛንቺስ በነበረ አንድ መሥሪያ ቤት ምድር ቤት ውስጥ፣ እሳቸው ከሚጠብቁት ዕቃ ግምጃ ቤት፣ ያለ ፊርማ አንድ ስቴፕለር ወጥቶ አያውቅም። ዳይሬክተሩ ራሳቸው እስክሪብቶ አልቆባቸው ቢወርዱ፣ ጋሽ ኃይለማርያም ከወንበራቸው ብድግ ብለው እጅ ነስተው ካበቁ በኋላ የዕቃ ማውጫውን ቅጽ፣ ሞዴል ሃያ ሁለትን፣ ያስሞሏቸዋል። ከሥራ ሲወጡ በሩን ቆልፈው አይበቃቸውም። በበሩና በመቃኑ መካከል ቀጭን ክር ዘርግተው ጫፍና ጫፉን በሻማ ጠብታ ያትሙታል፤ ጠዋት ክሩ እንዳለ ካላዩ ቁልፉን አይነኩም። በእሳቸው ዘመን ከዚያ ቤት አንድ ዕቃ አልጠፋም። እውነቱን ለመናገር፣ ወዳጅም ገብቶበት አያውቅም።

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን ተረት ሌላው ሰው ሲቸግረው ይጠቅሰዋል፤ እሳቸው ግን ይኖሩበታል። ታክሲ ውስጥ አጠገባቸው የተቀመጠ ሁሉ ኪሳቸውን ብሎ የመጣ ነው። ሥጋ ሲገዙ የሚያዩት ሚዛኑን ሳይሆን የባለሥጋ ቤቱን አውራ ጣት ነው። ጆሯቸው ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ከበድ ብሏል፤ በዚህም ምክንያት ሰው ዝቅ ባለ ድምፅ ባወራ ቁጥር ስለ እሳቸው የሚያወራ ይመስላቸዋል።

እኚህ ሰው በሕይወታቸው ያለ ፊርማ ለሰው የሰጡት አንድ ነገር ቢኖር የቤታቸው ቁልፍ ነው። የሰጡት ደግሞ ለደራርቱ ነው።

ደራርቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ ካዛንቺስ በአንድ ግቢ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት አብራቸው ኖራለች። ሠፈሩ ፈርሶ ሁሉም በየአቅጣጫው ሲበተን፣ ጋሽ ኃይለማርያምና ባለቤታቸው ሔለን ጎተራ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ደረሳቸው። ለደራርቱ እዚያው ሕንፃ ላይ ምድር ቤቱ ነበር የወጣላት። ጉልበቷን የሚያማት ሴት ምድር ቤት ሲደርሳት ዕጣ ሳይሆን ምርቃት ነው። እሷ ግን ባለ ሦስተኛ ፎቁን ሰው ለምና ተለዋወጠችና ከእነ ሔለን ፊት ለፊት ገባች። «ሔለንን ትቼ ከማን ጋር ልጣላ?» ነበር ያለችው።

ሔለን ከሞተች ሦስት ዓመት ሆኗታል። ቁልፉ ግን እዚያው ቀረ፤ ደራርቱ ከራሷ ቤት ቁልፍ ጋር በጥቁር ክር አስራ አንገቷ ላይ አጥልቃዋለች። ውሃ ወደ ሕንፃው የሚመጣው ማክሰኞና ዓርብ ጠዋት ነው። በዚያ ሰዓት ጋሽ ኃይለማርያም ዑራኤልን ተሳልመው ካዛንቺስ ከጡረተኛ ጓደኞቻቸው ጋር ማኪያቶ እየጠጡ ስለሚሆን፣ በርሜላቸውን የምትሞላላቸው ደራርቱ ነች። ባለፈው ጥቅምት ደግሞ ስኳራቸው ወርዶ ሳሎን ወለል ላይ ሲዘረሩ፣ የጠዋት ሳላቸው ሳይሰማ ረፈደ ብላ በሩን ከፍታ የገባች እሷ ነበረች። በጥርሳቸው መሐል ስኳር ውሃ አንቆርቁራ መለሰቻቸው። ሐኪሙም «ብቻዎን የሚኖሩ ከሆነ ይቺ ሴት ቁልፍ ባይኖራት ኖሮ ዛሬ እዚህ አይመጡም ነበር» ብሏቸዋል። ያን ጊዜ አልቅሰው ነበር።

ታዲያ ይህን ሁሉ የሚንድ ነገር ከወዴት መጣ ቢሉ፣ ሳሙና እንኳ ከማታክል ሳጥን ነው። ሐዋሳ የሚሠራው ልጃቸው ለፋሲካ ሲመጣ ቲቪ ቦክስ አመጣላቸው። ከቴሌቪዥኑ ኋላ ትሰካለች፤ በዋይፋይ ስብከቱንም የድሮውን ቲያትርም ታመጣለች። ሪሞቷ ደግሞ ጣት ታህላለች። ጋሽ ኃይለማርያም ዕቃ አያያዝ ያውቃሉና ሪሞቷን በላስቲክ ጠቅልለው፣ በላዩ ሌላ ላስቲክ ደርበው፣ ጫፉን በጎማ ጥፍር አድርገው አሰሯት። ቴሌቪዥኑ ላይም ሔለን የሠራችውን ዳንቴል ጣል አደረጉበት።

አንድ ቅዳሜ ከካዛንቺስ ሲመለሱ በዳንቴሉ ቀዳዳዎች ውስጥ ሰማያዊ ብርሃን ይፈስሳል። ቴሌቪዥኑ በርቷል። እሳቸው አጥፍተው እንደወጡ ይምላሉ፤ መማል ብቻ አይደለም፣ አጥፍተው ወጥተዋል። የዚያን ቀን ጠዋት መብራት ሄዶ እንደመጣ ሕንፃው ሁሉ ያውቃል። እሳቸው ግን መብራትን ማን ይጠረጥራል? መብራት እጅ የለውም። እጅ ያለው ሰው ነው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሪሞቷን ይዘው መውጣት ጀመሩ። ከቁልፋቸው ጋር በኮታቸው የውስጥ ኪስ አብረው ከተቷት፤ ያለ ሪሞት ማን ምን ያበራል ብለው። እንግዲህ የባሰው ከዚህ በኋላ ነው። ያኔ አንድ ቀን የበራው፣ አሁን በሳምንት ሦስት አራት ቀን ይበራ ጀመር። በሩን ከፍተው ሲገቡ ቴሌቪዥኑ በርቶ፣ የቦክሱ የመጀመሪያ ገጽ ተዘርግቶ ይጠብቃቸዋል። የቴሌቪዥኑን ጀርባ በመዳፋቸው ይዳብሳሉ፤ ቀዝቃዛ ነው።

«አሁን ነው ያበራው» አሉ ለራሳቸው። «ኮቴዬን ሰምቶ ነው የወጣው።»

ይህን ባሉ ቅጽበት የፊት ለፊቱ በር ይከፈታል። «ገቡ ጋሼ?» ትላለች ደራርቱ። ይህን ጥያቄ ለዓመታት ስትጠይቃቸው ኖራለች። አሁን ግን ጋሽ ኃይለማርያም ፊቷን፣ ከዚያ ጫማዋን፣ ከዚያ አንገቷ ላይ የተንጠለጠለውን ቁልፍ በዓይናቸው መረመሩ። «ገባሁ» አሉና በሩን ቶሎ ዘጉት።

አራተኛ ፎቅ የምትኖረውን ሀዊን ጠሩ። ሀዊ አንድ ድርጅት ውስጥ ኮምፒውተር ክፍል የምትሠራ ልጅ ናት፤ በሳምንት ሁለት ቀን ከቤቷ ሆና ነው የምትሠራው። ቦክሱን አገላብጣ አየችና ሳቅ አለች።

«ጋሼ፣ ማለቴ፣ ሰይጣን ምናምን የለበትም። መብራት ሄዶ ሲመጣ ራሱ ሊነሳ ይችላል። እሱ ሲነሳ ደግሞ ቲቪውን ይቀሰቅሰዋል። ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ ላጥፋልዎት?»

«እንዳትነኪው! ማስረጃ ነው» አሉ ጋሽ ኃይለማርያም።

«እሺ በቃ፣ ዋይፋዩንስ ማን ማን ይጠቀማል? ስልክ ይዞ እዚሁ ዋይፋይ ላይ ያለ ሰው ከውጭ ሆኖ ሊያበራው ይችላል።»

ጋሽ ኃይለማርያም ወደ ደራርቱ ቤት በኩል ዞር አሉ። ዋይፋዩን የሚጠቀም ሌላ ሰው አንድ ብቻ ነው። ደራርቱ አምቦ ካለችው እህቷ ጋር በምስል እንድትነጋገር የይለፍ ቃሉን የሰጧት ራሳቸው ናቸው።

«ሪሞቱስ የት ነው የሚቀመጠው?» አለች ሀዊ።

«ደህና ቦታ ነው።»

«የት ማለት? ማለቴ፣ የሆነ ነገር ተጭኖት ከሆነ—»

«ደህና ቦታ ነው አልኩሽ፣ ልጄ።» ይህን ሲሉ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። ሀዊም ቢሆን የሕንፃው ነዋሪ ናት፤ ሪሞቱ የት እንዳለ ለማንም አይነገርም።

ሀዊ ትከሻዋን ነቅነቅ አደረገች። «እንግዲያው ሲወጡ ሶኬቱን ይንቀሉት፣ አለቀ።»

አንድ ቀን ነቅለው ወጡ። ሲመለሱ አልበራም። ሌላ ሰው ቢሆን እፎይ ብሎ በየቀኑ ይነቅል ነበር። ጋሽ ኃይለማርያም ግን ሌባው መጠርጠሩን አውቆ ጥንቃቄ ጀመረ አሉና በማግስቱ መልሰው ሰኩት። ጉዳያቸው ቴሌቪዥኑን ማስተኛት አልነበረም፤ ሰውየውን መያዝ ነበር። የዋይፋዩን የይለፍ ቃል አስቀየሩ። ደራርቱ «ጋሼ፣ እህቴ ጠፋችብኝ፣ ስልኬ ምን ነካው?» ስትላቸው «ኔትዎርክ ነው» ብለው አለፏት። ቴሌቪዥኑ ግን መብራቱን አልተወም። እንግዲህ በስልክ ካልሆነ በአካል ገብቶ የሚያበራ ሰው አለ ማለት ነው።

ዓርብ ጠዋት ሲወጡ የድሮ ሙያቸውን አወጡት። ክር ዘረጉ፤ ሻማ አንጠበጠቡ። አምስት ሰዓት ላይ ሲመለሱ ክሩ ተበጥሷል። ቴሌቪዥኑም በርቷል።

ደራርቱ እንደ ልማዷ በሯን ከፈተች። «ገቡ ጋሼ?»

«ዛሬ እኔ ቤት የገባ ሰው ነበር?»

«እኔ ነኛ! ውሃ ልሞላልዎ ነዋ። ሌላ ማን ሊገባ ነው?» ብላ ሳቀች።

«ቴሌቪዥን ነገር ነክተሻል?»

«እኔ? ኸረ እኔ ያንን ነገር የት አውቄው! የሔለንን ዳንቴል አቧራውን አራግፌ መለስኩት እንጂ።»

ወደ ቤታቸው ገብተው ተቀመጡ። ጥፋተኛ እንዲህ በቀላሉ አያምንም ብለው አሰቡ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ ብልጥ ጥፋተኛ ግን ግማሹን አምኖ ግማሹን ይደብቃል አሉ። ግምጃ ቤት ሳሉ ስንቱን እንዲህ ያለ ሰው አይተዋል! ዳንቴሉን ነክታለች። ዳንቴሉን ከነካች ቴሌቪዥኑን ነክታለች። ከዚያ የሔለን ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ እግሯን ዘርግታ፣ ኮቴያቸው እስኪሰማ ድረስ ስታይ ትውላለች።

ብታይስ ምን ጎደለባቸው? ምንም። ጠይቃቸው ቢሆን ቴሌቪዥኑን ተሸክመው ቤቷ ድረስ በወሰዱላት። ያንገበገባቸው ሌላ ነገር ነው። ዕድሜ ልካቸውን ሰውን ሁሉ ሲጠረጥሩ ኖረው አንዲት ሴት ብቻ አመኑ። እሷም ከሸወደቻቸው ያ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ የተመኩበት ዓይናቸው ዋጋ የለውም ማለት ነው። ይህን ሲያስቡ አፈሩ፤ ያፈሩት ግን በራሳቸው ጥርጣሬ ሳይሆን አምነው በመኖራቸው ነበር።

ሰኞ ዕለት ደራርቱ ገበርና ክር ልትገዛ መርካቶ ስትሄድ ጠብቀው፣ ከመስቀል ፍላወር አካባቢ ቁልፍ ሠሪ አመጡና የበሩን ቁልፍ አስቀየሩ። አዲስ ሦስት ቁልፍ ተሰጣቸው፤ አንዱን ኪሳቸው፣ ሁለቱን መሳቢያ ውስጥ አስቀምጠው መሳቢያውን ቆለፉ። ስኳሬ ቢወርድስ የምትል ሐሳብ ብልጭ ብላባቸው ነበር። ከረሜላ በሳህን ጠረጴዛ ላይ አኖሩና ሐሳቧን በዚያ ዝም አሰኟት። ለደራርቱ አልነገሯትም። ንጹሕ ከሆነች ምን ያስቸኩላታል፣ ጥፋተኛ ከሆነች ራሷ ትደርስበታለች አሉ።

ማግስቱ ማክሰኞ ነበር፤ የውሃ ቀን።

አምስት ሰዓት ሲሆን ጋሽ ኃይለማርያም ከካዛንቺስ ተመልሰው ደረጃውን መውጣት ጀመሩ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሲደርሱ ጆሮ ለከበደው ሰው እንኳ የሚሰማ ጩኸት ከላይ መጣ።

«ጋሼ! ጋሼ! ኧረ ይናገሩ! ኧረ በማርያም አንዴ ያስሉ!»

ሦስተኛው ፎቅ ላይ ደረሱ። ደራርቱ በሚያማት ጉልበቷ በሯቸው ሥር ተንበርክካ አፏን ከቁልፉ ቀዳዳ ገጥማ ትጣራለች። አሮጌው ቁልፍ ቀዳዳው ውስጥ እንደተሰካ ነው፤ ክሩ አሁንም አንገቷ ላይ ስላለ እንደታሰረች ነች። በግራ እጇ ስኳር የተበጠበጠበት ብርጭቆ ይዛለች፤ ግማሹ ቀሚሷ ላይ ፈስሷል። ጥበቃው ቢቂላ ድጂኖ ይዞ በሩን ሊፈነቅል ቆሟል። ሀዊ ስልኳን ጆሮዋ ላይ አድርጋ አምቡላንስ ትጠራለች።

«ምንድን ነው?» አሉ ጋሽ ኃይለማርያም።

ሁሉም ዞሩ። ደራርቱ ብርጭቆውን ወለሉ ላይ አኑራ፣ ቁልፉን ነቅላ፣ ግድግዳ ይዛ ተነሳችና እጃቸውን በሁለት እጇ ጨብጣ ሳመችው።

«ተመስገን! ተመስገን የኔ ጌታ! ወድቀው መስሎኝ... በሩን ከውስጥ ቀርቅረው የወደቁ መስሎኝ እኮ ነው። ቁልፉ እምቢ አለኝ፣ ጋሼ። ሰው ሁሉ ሞከረው፣ አይዞርም። ተበላሽቷል መሰለኝ፣ ቢያሠሩት ይሻላል።»

ከሃያ ስድስት ዓመት በላይ ከነሱ ጋር የኖረች ሴት፣ ቁልፉ እምቢ ሲላት መጀመሪያ ያሰበችው ሞታቸውን ነው፤ ቀጥላ ያሰበችው የብረቱን መበላሸት ነው። ተቀይሮብኝ ይሆን የሚል ነገር በልቧ ጫፍ እንኳ አልዞረም። ጋሽ ኃይለማርያም ዓይኗን ላለማየት ፊታቸውን ወደ በሩ መለሱና እጃቸውን የውስጥ ኪሳቸው ከተው አዲሱን ቁልፍ መፈለግ ጀመሩ። ቁልፉ ከታች ነው፤ በላዩ ሪሞቷ አለች። ገፉ፣ ጫኑ፣ ጎተቱ።

ከተቆለፈው ቤት ውስጥ ሙዚቃ ተሰማ። ቦክሷ ስትነሳ የምታሰማው አጭር ሙዚቃ ነበር።

ቢቂላ ድጂኖውን ወደ ላይ አነሳ። «ሰው አለ! ውስጥ ሰው አለ!» አለና አማተበ።

ጋሽ ኃይለማርያም ደራርቱን አዩ። ደራርቱ እዚህ ናት፣ ከአጠገባቸው ቆማለች፤ ቀሚሷ በስኳር ውሃ ረጥቧል። የሚያብረቀርቀውን አዲስ ቁልፍ አውጥተው ከፈቱ። ቤቱ ባዶ ነው። ቴሌቪዥኑ በርቷል። ሀዊ ገብታ ጀርባውን በመዳፏ ነካች።

«ቀዝቃዛ ነው። አሁን ነው የበራው» አለች። እሳቸው ሁለት ሳምንት ሙሉ ያሉትን ነበር የደገመችው። ከዚያ ዞር ብላ ኮታቸውን ተመለከተች። «ጋሼ፣ ሪሞቱ የት ነው ያለው? ዛሬ እንኳ ይንገሩኝ።»

በላስቲክ የታሰረችውን ሪሞት ከኪሳቸው አወጡ።

«በቃ!» አለች ሀዊ። «ይቺ እንደ ድሮው ሪሞት ፊት ለፊት ካላነጣጠሩባት የማትሠራ አይደለችም። በርም ግድግዳም አያግዳትም። እዚህ በር ላይ ቆመው ኪስዎን ሲበረብሩ ማብሪያዋ ትጫናለች። ላስቲኩ ደግሞ እንዲህ ጠብቆ ስለታሰረ ንክች ካደረጓት ይበቃታል። እርስዎ ራስዎ ነዎት፣ ጋሼ! በየቀኑ አብርተው ነው የሚገቡት።» ብቻዋን ሳቀች። ለማረጋገጥ ኮሪደሩ ላይ ወጥታ አንዴ አጠፋችው፣ አንዴ አበራችው።

«ታዲያ ሌባው ማነው?» አለ ቢቂላ፣ ገና ድጂኖውን እንደያዘ።

ደራርቱ ቴሌቪዥኑንም ሪሞቱንም አላየችም። የምታየው በሩ ላይ ያለውን አዲስ ቁልፍ ነበር። በጣቷ ነካ አደረገችው። ከዚያ በጋሽ ኃይለማርያም እጅ ያለውን አየች፤ አንገቷ ላይ ያለውንም አየች። ስለ ቴሌቪዥኑ የጠየቋት፣ እህቷ የጠፋችባት፣ «ገባሁ» ብለው በሩን የዘጉባት ቀናት ሁሉ አንድ በአንድ ፊቷ ላይ ሲደርሱ ጋሽ ኃይለማርያም ቆመው አዩ።

«ውሃው ሊሄድ ነው» አለች ደራርቱ። ገብታ በርሜላቸውን እስከ አፉ ሞላች። ወለሉ ላይ የፈሰሰውን ወለወለች። ስትወጣ ለማንም ደህና ዋሉ አላለችም። አሮጌው ቁልፍ ከጥቁሩ ክር ተፈትቶ በርሜሉ ክዳን ላይ ተቀምጦ አገኙት።

ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጋሽ ኃይለማርያም መሳቢያቸውን ከፍተው ከሁለቱ አዲስ ቁልፎች አንዱን ያዙና የደራርቱን በር አንኳኩ። የስፌት መኪናዋ ድምፅ ቆመ። ከፈተችላቸው፤ ወንበርም አቀረበችላቸው።

«በድዬሻለሁ» አሉ ሳይቀመጡ። «ጅል ሽማግሌ ነኝ። ይቅር በይኝ። ይኸው፣ ያንቺው ነው።» ቁልፉን ዘረጉላት።

«ይቅር ለእግዚአብሔር» አለች። እጇን ግን አልዘረጋችም። ከስፌት መኪናዋ መሳቢያ የደንበኞቿን ልክ የምትጽፍበትን ደብተርና እስክሪብቶ አውጥታ ባዶ ገጽ ገለጠችላቸው። «ይጻፉት፣ ጋሼ። አንድ አዲስ ቁልፍ ለደራርቱ ተሰጠ ብለው፣ ቀኑን ጨምረው። አጻጻፉን እርስዎ ያውቁታል። እርስዎም ይፈርሙ፣ እኔም እፈርማለሁ።»

«ደራርቱ፣ በናትሽ፤ በኔና በአንቺ መካከል ፊርማ ምን ያደርጋል?»

«ያለ ፊርማ ይዤው አየሁታ» አለች። ድምፅዋ ቁጣ አልነበረበትም፤ ቁጣ ቢኖርበት በወደዱ።

ጻፉ። በሠላሳ አራት ዓመት ውስጥ ስንት ሺህ ጊዜ የጻፉት ነገር ነው፤ ቀኑን ጨመሩበት፣ ፈረሙም። ደራርቱ ደብተሩን ተቀብላ ሁለት ጊዜ አነበበችው፤ ፈረመችም። ቁልፉን አንገቷ ላይ ባለው ክር አላሰረችውም፤ በሩ አጠገብ ባለው ምስማር ላይ ሰቀለችው።

«ሳልዎ ካልተሰማኝ፣ ወድቀው እንደሆነ፣ ከፍቼ እገባለሁ። እሱን አያስቡ» አለች። «ውሃውን ግን ከእንግዲህ እርስዎ ባሉበት ነው የምሞላልዎ።»

ጋሽ ኃይለማርያም አራቷን እርምጃ ኮሪደር ተሻግረው በራቸው ላይ ቆሙ። ሪሞቷን ቤት ትተዋት ስለነበር ኪሳቸው ውስጥ ከቁልፉ በቀር ምንም አልነበረም። ከፍተው ገቡ። ቴሌቪዥኑ ጠፍቷል፤ ዳንቴሉም እንዳለ አለ። ሲመኙት የኖሩት ይኸው ነበር፤ እሳቸው ሳይኖሩ ማንም የማይገባበት ቤት።